ለወተት ማሽን ነው የተባለው ቀለበት

«መድኃኒትን ማዕቀቡ አይነካውም» እያለ ሰውዬው በሬዲዮ ሲያወራ፣ ሬዲዮውን አንስቼ በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ያስቆመኝ ባሌ ነው። «ተይው፤ ሬዲዮው ምን አደረገሽ? የሱም ባትሪ እንደኔ ሊያልቅ ነው» ብሎኝ ሳቀ። ይስቃል ደግሞ! እኔ አንጀቴ አርሮ እሱ ይስቃል። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር፣ ሰው በሚያለቅስበት ቦታ ሁሉ ሲስቅብኝ ነው የኖረው።

የባሌ ልብ ብቻውን አይመታም። ሹፌር ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ከስምንት ዓመት በፊት መጨረሻው ማቆሚያ ደርሶ ሞተር ካጠፋ በኋላ መሪው ላይ ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ከግራ ትከሻው በታች፣ ከቆዳው ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ ተቀምጣለች። ልቡ ሲለግም ትነካካዋለች። «ተነስ፣ ሥራ ግባ ትለዋለች» ይላል እሱ። የመሣሪያዋ ባትሪ ታዲያ ዕድሜ አለው። ሲያልቅ ቆዳው ይከፈታል፣ አሮጌዋ ትወጣለች፣ አዲሷ ትገባለች፣ በማግስቱ ሰውዬው ቤቱ ነው። ሌላ ቦታ ጥርስ ከማስነቀል የማይበልጥ ነገር ነው አሉ።

ሐኪሙ የባትሪውን ማንበቢያ ባሌ ደረት ላይ አድርጎ ቁጥሩን አየ። ባሌን ልብሱን እንዲለብስ ልኮ እኔን አስቀረኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ዓይን አፋር ሰው ነው፤ መጥፎ ነገር ሊናገር ሲል ብዕሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ሦስት ወር ነው የቀረው፣ እናቴ። ቢበዛ አራት።»

«ታዲያ አዲሷ የታለች? ካዘዝን ስድስት ወር አለፈን እኮ!»

«አምራቹ አልልክም ብሏል። ያዘዝነው በእርስዎ መሥሪያ ቤት ክሊኒክ በኩል ነው። መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ የማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከኒውክሌር ጋር የተያያዘ ነው ይላል።»

«የኛ ወርክሾፕ? ኧረ ጉድ በል! እኛ ብረት ቀራጮች ነን፤ ከኒውክሌር ጋር ምን አገናኘን? በል በሌላ ስም እዘዝ። በሆስፒታሉ ስም እዘዝ፣ በእናትህ ስም እዘዝ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!»

«ሞክሬያለሁ» አለ ብዕሩን እየዘጋ። «የባለቤትዎ ስም ከወርክሾፑ ጋር አንዴ ተመዝግቧል፤ ሌሎቹም ድርጅቶች ስሙን ሲያዩ ሸሹ። ባንኩም የክፍያውን ወረቀት መለሰው። ሕጉ መድኃኒት አይከለክልም። ግን ማንም ጣጣ ውስጥ መግባት አይፈልግም።»

ሕጉ አይከለክልም! ይቺ ናት እንግዲህ ያሳበደችኝ። የከለከለ የለም፤ የሚልክም የለም። ከለከልኩ የሚል ሰው ባገኝ እኮ ሄጄ አንገቱን አንቄ «ባሌ ምን አደረገህ?» እለው ነበር። እነዚህ ግን ገዳይም ምስክርም ሳይኖር ሰው መግደል ችለውበታል። ከሆስፒታሉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ብቻዬን ስሳደብ ሄድኩ። ባሌ ክንዴን ይዞ ከጎኔ ይሄዳል፣ መንገደኛውንም «አይዟችሁ፣ እናንተን አይደለም» ይላል።

ሥራዬ ቶርኖ ነው። ብረቱ እየዞረ ቢላው እየላጨው የሚቀረጽበት ማሽን ማለት ነው። በወርክሾፑ የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሚክሮን ነው የሚሉኝ። ሚክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ስሙ የወጣልኝ ጀማሪ ሳለሁ፣ አለቃችን «ይበቃል፣ ልክ ነው» ያለውን ዘንግ «አራት ሚክሮን ይተርፋል» ብዬ ስለመለስኩበት ነው። ተለክቶ እንዳልኩት ተገኘ። አለቃው አንድ ወር ሙሉ አኮረፈኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። እሱና እኔ በአንድ ቀን የተቀጠርን ነን፤ እሱ ቢሮ ወጣ፣ እኔ ማሽኑ ላይ ቀረሁ። ሳያየኝ ገና በእግሬ ድምፅ አወቀኝ መሰለኝ፣ በሩን ስከፍት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር።

«ዝርዝሩ ይሄ ነው» አለኝ። «ከተቀመጥሽ በኋላ እይው።»

አልተቀመጥኩም። የኛ ወርክሾፕ ስም አለ። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ከመዳፍ ትንሽ የሚሰፋ ስስ የብረት ቀለበት። ቀለበቱ ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ፣ እያንዳንዳቸው በቀይ ተከበዋል። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

ነገሩን የማያውቅ ሰው አይገባውም። በኛ ወርክሾፕ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ምልክት አለው፤ የጨረሰው ዕቃ ላይ በትንሽ የብረት ማኅተም ይመታዋል። አንዱ ኮከብ አለው፣ አንዱ መስቀለኛ መንገድ። የኔ ሦስት ነጥብ ነው። ዕቃው ከተበላሸ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ካማረም ይታወቃል። ያለ ምልክት የወጣ ዕቃ አባት የለውም እንላለን። ማንም ያስገደደን የለም፤ የቆየ ልማዳችን ነው፣ ኩራታችንም ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከረባት ያሰረ ሰውዬ ንድፍ ይዞ መጣ። ቀለበት ነው። የወተት ማሽን ነው አለ፤ ወተት እየዞረ ቅባቱ የሚለይበት። ብረቱን እነሱ አመጡ፤ እንዲህ ያለ ብረት በዘመኔ ነክቼ አላውቅም፣ ቢላውን ይበላዋል። ልኩ ደግሞ ከአምስት ሚክሮን ማለፍ የለበትም ተባለ። ንድፉ ግርጌ ላይ በቀይ «ምንም ዓይነት ምልክት እንዳይደረግበት» ተጽፏል። እኔን አታድርጊ ማለት ልጅ ወልደሽ ስም አታውጪለት ማለት ነው። መታሁት። ያውም ተጠንቅቄ! ቀለበቱ ሲዞር ሚዛኑ እንዳይዛባ ብዬ ሦስቱን ነጥቦች ዙሪያውን እኩል አራርቄ፣ በውስጥ በኩል፣ የሚያየው እንዳይኖር አድርጌ መታኋቸው። መቶ ሃያ ቀለበት ላይ።

ለካ ቀለበቱ የገባው ለቦምብ የሚሆነው ዩራኒየም እየዞረ በሚለይበት ማሽን ውስጥ ነው፤ የኒውክሌር ተቆጣጣሪዎች ከውጭ መጥተው ማሽኖቹን ሲፈትሹ ምልክቴን አዩት። የወርክሾፑ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ደግሞ መጽሔት አሳትመን ነበር፤ የሠራተኞቹ ፎቶ ከነምልክታቸው አለበት። ሦስት ነጥብ ከሚለው በላይ እኔ ጥርሴን ገልጬ ቆሜያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ምልክቱ ባይኖር ኖሮ ዕቃው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት ሥራ አስኪያጁን። «የወተት እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?»

ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። «አንቺስ? ወተት ለመለየት አምስት ሚክሮን ምን ይሠራል ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ጠይቄ ነበር። እሱም «የታዘዝሽውን ሥሪ» አለኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሠራሁት። እውነቱ ይሄ ነው፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አላውቅም ነበር ብል ማንን አታልላለሁ? እንዲህ ዓይነት ሥራ በዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ከኔ ሌላ የሚችለው እንደሌለ ሳውቅ ልቤ አበጠ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኔ ነው። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁትና ወጣሁ። እጄ አበጠ፣ ጠረጴዛው ምንም አልሆነም።

ማታ እራት ላይ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። የወተቱ ነገር ላይ ስደርስ ውኃው ትን እስኪለው ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደል! ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ብርጭቆ ወተት እንኳ አልቀመስንም እኮ።» እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ ያበጠ እጄን ስቦ አየውና ቀዝቃዛ ፎጣ ጠመጠመበት።

በሦስተኛው ቀን ባለከረባቱ ራሱ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ ስገባ ባለከረባቱ ወንበሩን ለቆልኝ ቆመ፣ «እናታችን» አለኝ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

«የባለቤትዎን ነገር ሰማሁ» አለ። «ከልቤ ነው ያዘንኩት።»

«አንተ ልብ የሚባል ነገር ፊቴ አታንሳ!»

አልተቆጣም። እንዲህ ዓይነቶቹ አይቆጡም፤ እንዲቆጣ የሚደረገው ሌላው ነው። ሌሎች ቦታዎች ያሠሯቸው ቀለበቶች ማሽኑ ሲዞር እየተሰነጠቁ አስቸገሩን አለ፤ የኔዎቹ ግን አንዱም አልተሰነጠቀም። ስለዚህ ሦስት መቶ እንድሠራ ይፈልጋሉ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ምልክት። በምትኩ የባሌን መሣሪያ በሦስተኛ አገር በኩል፣ በሌላ ሰው ስም ያስመጣሉ። መንገዱ አላቸው።

«መንገዱ ካላችሁ» አልኩት፣ «ስንት ሰው መድኃኒት አጥቶ ሲረግፍ በዚያ መንገድ ያመጣችሁት ምንድን ነው? ብረት ብቻ?»

«አገር የሚጠብቅ ነገር ነው የምንሠራው፣ እናታችን።»

«አገሩ ማነው? ባሌ አገር አይደለም? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ነው የናንተ ነገር! እነዚያ ቦምብ እንዳትሠሩ ብለው ባሌን ያንቁታል፤ እናንተ ቦምብ ልትሠሩ ባሌን መያዣ ታደርጉታላችሁ። ሁለታችሁም ከጉሮሮው እጃችሁን አንሱ!»

ጩኸቴን ሰምቶ ማሽን ክፍሉ በሙሉ ሥራ አቆመ። ባለከረባቱ ግን ሰዓቱን አየና «ያስቡበት፤ ጊዜው አጭር ነው» ብሎ ሄደ።

ባሌ ይሄንን ስነግረው አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አትሠሪም» አለ።

«አንተ ልትሞት?»

«ስሚኝ። ያኔ የወተት ነው ብለውሻል፤ እሺ። ዛሬ ግን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስጭን አንድ ሰው አልገጨሁም፤ ድመት እንኳ አልገጨሁም። ከዚህ ሁሉ በኋላ በኔ ደረት ሰበብ ከተማ ሙሉ ሰው የሚፈጅ ነገር አይሠራም። ማይልኝ።»

«ሞኝ ነህ! አንተ ብትሞት እነሱ የሚተዉት መሰለህ?»

«አይተዉትም። እኛ ግን የለንበትም። ማይልኝ አልኩሽ!»

ጮኾብኝ አያውቅም። ማልኩለት። ከዚያም መኝታ ቤት ገብቼ ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት በንዴት ነው። ጨዋ ሰው ማግባት እንዲህ ያቃጥላል።

በሳምንቱ፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤታችን ወርክሾፕ ድረስ ደወለችልኝ። ባሌ ደረጃ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወድቋል። ስደርስ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጋዜጣ ታራግበዋለች። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ዓይኑን ገለጠና «ማነው ፍሬን የያዘው?» አለኝ። ጎረቤታችን ሳቀች፤ እኔ ግን ያን ከንፈር እያየሁ መሐላዬን አፈረስኩ። እዚያው ደረጃው ላይ ነው ያፈረስኩት፤ ብዙም አላሰብኩም።

ለባሌ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተገኘ አልኩት። የውጭ ሰዎች ናቸው፣ ሐኪሙ ጽፎላቸው መሣሪያውን በነፃ ሊልኩ ተስማሙ አልኩት። ሐኪሙንም ለመንኩት፤ ብዕሩን ከፍቶ ዘግቶ «እሺ» አለኝ። ባሌ ተደሰተ። «አየሽ? ዓለም ላይ ሰው አልጠፋም» አለ።

ሦስቱን መቶ ቀለበት በስድስት ሳምንት ጨረስኩ። እያንዳንዱን ቀለበት እየረገምኩ ነው የቀረጽኩት። ላበላሸው ያላሰብኩ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሚክሮን ብቻ አሳስቼ ማሽናቸው ውስጥ እንዲበታተን አስቤ ነበር። ባለከረባቱ ግን ሁለት ለኪዎች አጠገቤ አስቀመጠ። ከልኩ ሌላ ስንጥቅ እንዳይኖረውም አንድ በአንድ እየፈተሹ ነው የሚረከቡት፤ የመጨረሻው ሳያልፍ መሣሪያው አይመጣም። ጓደኞቼ እንደ ድሮው ከኔ ጋር ምሳ መብላት ተዉ። ፈርተው ነው ወይስ ንቀውኝ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ምልክት የሌለውን ቀለበት ሣጥን ውስጥ ስደረድር እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

መሣሪያዋ ሐሙስ ቀን መጣች፤ ዓርብ ጠዋት ባሌ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሐኪሙ ጓንቱን እንደለበሰ ወጣ።

«ሣጥኑ አዲስ ነው» አለ በሹክሹክታ። «መሣሪያው ግን ሌላ ሰው ተጠቅሞበታል።»

«ከሰው የወጣ ነው የምትለኝ?»

«ከሞተ ሰው ይመስለኛል። አጽድተው በአዲስ ሣጥን አሽገውታል። ይሠራል፤ ችግሩ ባትሪው ነው። አዲሱ አሥር ዓመት ይሄዳል። ይሄ የቀረው አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነው።» ብዕር ስላልያዘ ጣቶቹን ያፍተለትላል። «አሮጌውን ከፍቻለሁ፤ መልሼ ልዝጋው ወይስ ይሄን ላስገባ? መወሰን ያለብን አሁን ነው።»

ምን ምርጫ አለኝ? «አስገባው» አልኩት። በሩ ተዘጋ። ግድግዳውን በእግሬ ደጋግሜ መታሁት፤ አንዲት ነርስ «ኧረ እማማ፣ በሽተኛ አለ» ብላ ተቆጣችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ተቀመጥኩ።

ስልኬ የጮኸው እንደተቀመጥኩ ነው። ባለከረባቱ ነው።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናታችን። ባለቤትዎ በሰላም እንደሚወጡ እርግጠኛ ነኝ። ሌላ ንድፍ እየተዘጋጀ ነው፤ ከፊተኛው ትንሽ ይረቅቃል። ግን አይቸኩሉ፣ ይረፉ። ዓመት ከመንፈቅ ጊዜ አለን።»

ዓመት ከመንፈቅ። ሐኪሙ ቁጥሩን ከነገረኝ አምስት ደቂቃ አልሞላውም፤ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። አውቀው ነው። አዲስ ማምጣት አቅቷቸው አይደለም፤ አዲስ ቢሰጡኝ አሥር ዓመት አያገኙኝማ! አፌን ከፈትኩ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ አጣሁ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ባሌን ወደ ክፍሉ ሲያመጡት ደረቱ ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፎበታል፤ ከንፈሩ ግን ቀልቷል። ሦስት ወር ያላየሁት ቀለም ነው። «አዲሷ ከአሮጌዋ ትብሳለች፤ ገና ሳልነቃ ሥራ ግባ አለችኝ» ብሎ ስለ መሣሪያዋ ቀለደ፣ ውኃ ጠየቀ፣ ጠጣ። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

«ስንት ዓመት ነው አሉ?»

«አሥር» አልኩት።

«አሥር!» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ይሄን አይቼ አላውቅም። «ወረቀትና ብዕር አምጪማ።»

«ምን ሊሠራልህ? ተኛ እንጂ።»

«እነዚያን የላኩልኝን ሰዎች ሳላመሰግን አልተኛም። ሳያውቁኝ አሥር ዓመት ሰጥተውኛል እኮ! የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ልበል፣ አንቺ ጻፊ።»

ከነርሷ ወረቀት ለመንኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለማናውቃችሁ ደጋግ ሰዎች በይ» አለኝ።

ጻፍኩ።

«የሰጣችሁኝን ዕድሜ ማንንም ሳልጎዳ እኖርበታለሁ በይ።» ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ያያል፤ ብዕሬ መቆሙን አየ። «ጻፊ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አልኩት። ጻፍኩ።